ዮጋው ውሃ ላይ፣ አሠልጣኙ ዳር ላይ

ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ለማሰር ትንሽ የቆየ ሰው ቀና ሲል አጠገቡ የክር አስተሳሰር አዋቂ ቆሞ ያገኛል። "እንዲያ አይደለም" ይለዋል። ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ። ብስክሌት የሚጠግን፣ ሐብሐብ የሚመርጥ፣ መኪና ወደ ኋላ የሚያስገባ፣ ሚስቱን ፎቶ የሚያነሳ፣ ሁሉም ያልቀጠረው አሠልጣኝ አለው። ደመወዝ አይጠይቅ፣ አያረፍድ፣ ዓመት እረፍት አይወጣ። እኔ ይህን ጠባይ ስንት ዘመን ችዬው ኖሬ፣ ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ግን አንገቴ ድረስ ሞላ።

ነገሩን ያመጣችው የእህቴ ልጅ ናት። የምትኖረው አሜሪካ፣ ሳንዲያጎ ነው። እዚያ ከሥራ ስትወጣ ፓድልቦርድ የሚሉትን ረጅም ተንሳፋፊ ሰሌዳ ይዛ ውቅያኖስ ትወርድና እላዩ ላይ ዮጋ ትሠራለች። ውቅያኖስ ስትለኝ እኔ የታየኝ ማዕበሉ ነበር። ለካስ ትምህርቱ የሚሰጠው ክፍቱ ፓስፊክ ላይ ሳይሆን ሚሽን ቤይ በሚባል፣ ከማዕበል በተከለለ ወሽመጥ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ሰሌዳ በገመድና በትንሽ መልሕቅ ይታሰራል፤ አለዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ሲተነፍስ የቆየ ተማሪ ዓይኑን ሲገልጥ ራሱን ሌላ ሰፈር ያገኘዋል። ፀሐይ ልትገባ ስትል ይጀምራሉ፣ ሲመሽ ያበቃሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የምትናገረው አስተማሪዋ ብቻ ናት። ይህችን ልብ በሉልኝ። አስተማሪዋ ብቻ።

"ጋሼ፣ ይሄ ሐይቃችሁ እኮ ለዚህ የተሠራ ነው፤ እኔ አስተምርዎታለሁ" አለችኝ። እምቢ የሚባል ልጅ አይደለችም። ተያይዘን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወረድን።

ሰሌዳው ተጠቅልሎ የመጣው በጀርባ ሻንጣ ነው። ሲዘረጋ ከሦስት ሜትር የሚያልፍ ላስቲክ ሆነ፤ በእጅ ፓምፕ ይነፋል። መጀመሪያ ላይ ፓምፑ ይቀላል፣ የግፊት መለኪያዋ መርፌ ግን ከዜሮ ንቅንቅ አትልም። በዚህ ጊዜ ሕዝቡ "ተበስቷል፣ አትድከሙ" ብሎ ፈረደ። ከዚያ መርፌዋ መነሳት ስትጀምር ፓምፑ ይከብዳል፤ 15 ፒኤስአይ እስኪደርስ እጀታው ላይ በደረት መተኛት ያስፈልጋል። እኔ እንደዚያ ተኝቼ ሳለ አንድ ባጃጅ ነጂ "ስንት ባር ነው የሚፈልገው?" አለኝ። አንድ ባር ገደማ ነው አልኩት። "ለአንድ ባር ነው እንዲህ የምትሞቱት? የመኪና ጎማ እንኳ ሁለት ይይዛል!" ብሎ ሳናዘው ደውሎ ጎሚስታ ጠራ።

ጎሚስታው ኮምፕረሰሩን በጋሪ እየገፋ መጣ። የቱቦው ጫፍ ግን ከሰሌዳው ቫልቭ ጋር አልገጠመም። ቫልቩ እንደ ጎማው ቀጭን አይደለም፤ አፉ ሰፊ ነው፣ መሃሉ ላይ በጣት ተጭነው የሚያዞሩት ፒን አለው። ሰውዬው ቁጢጥ ብሎ ፒኑን ጫን አደረገ፣ ለቀቀ፣ አሁንም ጫን አደረገ። አንድ ቃል አልወጣውም። ወደድኩት። የተናገሩት ቫልቩን ያላዩት ናቸው። "ጨርቅ ጠቅልልበት!" "በከመነዳሪ ማሰር ነው!" "ማስቲካ የለም እንዴ?"

የባር ነገር ከተነሳ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ቁስሌ ነው። ከዓመታት በፊት ጊቢዬ ውስጥ ሮቶ ሳስቀምጥ የቧንቧ ሠራተኛው ዝቅ ያለ የድንጋይ መደብ ሠርቶ ሊጨርስ ምንም አልቀረው። ጎረቤቴ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለና "እንዲያ አይደለም! ከፍ አድርገው፤ ከፍታ ግፊት ነው" አለኝ። በፊዚክስ ከሄድን ልክ ነው። አሥር ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ አንድ ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ሰውዬው ያልነገረኝ፣ ውሃው እዚያ ላይ ለመውጣት በመጀመሪያ ያንኑ ግፊት ይዞ መምጣት እንዳለበት ነው። በብየዳ ብረት ማማ አሠርቼ ሮቶውን ሰቀልኩ። ሠፈሩ አጨበጨበ። ውሃው ግን ሌሊት ሌሊት ነው የሚመጣው፣ ያውም ደክሞት፤ ማማው እግር ድረስ ይደርስና ቀና ብሎ አይቶ ይመለሳል። ይኸው ሮቶዬ እስከ ዛሬ የወፍ ማረፊያ ነው። የጎረቤቴ ሮቶ የት እንደተቀመጠ ታውቃላችሁ? መሬት ላይ። እኛ ቤት ውሃ ሲጠፋ በጄሪካን የምንቀዳው ከእሱ ነው። አይከለክልም፣ እግዜር ይስጠው፤ ጄሪካኑን አያያዝ ላይ ግን አስተያየት አለው።

"ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል" የሚለውን ተረት ነፍሴ ይወደዋል። እናቴ ስትናገረው ልጅ ነበርኩና ስለ ቋንጣ ይመስለኝ ነበር። ሌላው ሰው ለትዳር፣ ለሹመት፣ ለብድር ይተርተዋል። እኔ ጊቢዬ ውስጥ አቁሜዋለሁ። ለማውረድ በያጁን ባናግረው ለመስቀል ከተከፈለው በላይ ጠየቀኝ። "ወደ ላይ ሲወጣ ባዶ ነበር" አልኩት። "አሁንም ባዶ ነው፣ ግን ዝጓል" አለ። ብሩ እሺ፣ ይቅር። አንጀቴን የሚቆርጠኝ ጎረቤቴ እንግዳ ሲመጣበት ወደ ሮቶዬ እየጠቆመ "የሰው ነገር ይገርማል" ማለቱ ነው።

የት ነበርን? ዮጋው።

ሰሌዳው ተነፋ። ልጅቷ ላይፍ ጃኬቷን ለበሰች፣ ሰሌዳው እንዳያመልጣት ገመዱን ቁርጭምጭሚቷ ላይ አሰረች። ዳር የቆመው ሁሉ ሳቀ። "ዋና አትችይም እንዴ?" አላት አንዱ፣ እሱ እንደማይችል ፊቱ ላይ እየታየ። እሷ ግን ውሃው ላይ ወጥታ ተንበርክካ፣ ግንባሯን ሰሌዳው ላይ አድርጋ እጆቿን ወደ ፊት ዘረጋች። ነጠላ የለበሱ እናት ቀረብ አሉና "ልጄ፣ ለማን ነው የምትሰግጂው?" አሏት። ስግደት ሳይሆን ስፖርት መሆኑን አስረዳኋቸው። "ታዲያ ስቅለት ቀን ደጀ ሰላም ብትመጣ በነፃ ትሠራው የለ?" አሉ። ለዚህ መልስ አጣሁ።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው። የባሕር ዳር ሰው ነኝ ያለ ጎልማሳ "ምን አዲስ ነገር አለው? ጣና ላይ በደንገል ታንኳ ቆሞ እንጨት ይሸጥ የለም!" ብሎ ስለ መቅዘፊያ አያያዝ ማብራሪያ ጀመረ። አንድ ተማሪ "ዮጋ የህንድ ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝግቦታል" ሲል፣ የሠፈራችን ሽማግሌ ደረታቸውን ነፍተው "የእኛ ፍቼ ጫምባላላ በ2015 ነው የተመዘገበው፤ በአንድ ዓመት እንቀድማቸዋለን" አሉ። ልክ ናቸው፤ ደስ አለኝ። መነጽር ያደረገ ሰው ስለ ቢልሃርዚያ አነሳ። ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውሃው የሚለቀቀው ትል በቆዳ እንደሚገባ አብራራ። እሱም ልክ ነው። ግን ይህን የሚለው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ እዚያው ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው። ልጅቷ ውቅያኖስ ላይ እንደለመደች የሰማ ደግሞ "እኛ እኮ የባሕር በር የለንም" አለና ጨዋታው አሰብ ገባ። "ይሄ ሐይቅ ራሱ እንደኛው መውጫ የለው፣ የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም" አለ ሌላው። ተጨቃጨቁ። ሁለት ደቂቃ ዮጋችንን ረሱልን። ከምሽቱ ሁሉ እውነተኛ ሰላም ያገኘሁት በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ነው።

ተራዬ ደረሰ። "ጋሼ፣ እግርዎን አይዩ፤ ማዶውን ይዩ፤ ጉልበትዎን ላላ ያድርጉ" አለችኝ። ልጅቷ ያደገችው ባዕድ አገር ነው፣ አንቱታዋ ግን አንድም ቀን አይስትም። የዳሩን ሰው እዩልኝ። ሰሌዳው ላይ እስክወጣ ድረስ "ጋሼ፣ ይጠንቀቁ" ሲሉኝ ነበር። በእጄና በጉልበቴ ስሆን "ቀጥ በል!" መጣ። ቀጥሎ ወደ ታች ያየ ውሻ የሚሉት አለ፤ መዳፍና እግር መሬት ይረግጣል፣ መቀመጫ ወደ ሰማይ ይሄዳል። እዚያ ላይ ስደርስ ከልጅ እስከ አዋቂ "አንተ! ቂጥህን ዝቅ!" ሆነ። ሁለት እግሬ ላይ ቆሜ በስንት ዓመት ያገኘሁትን ማዕረግ አራት እግሬ ላይ ባንድ አፍታ ገፈፉኝ። አልወደቅሁም። እስከ መጨረሻውም ቀና ብዬ አልቆምኩም፣ ስለዚህም አልወደቅሁም፤ ከዳር ያለው ሰው ፊት ላይ ያየሁት ቅሬታ ግን ያበደረኝን ገንዘብ የከለከልኩት ያስመስለኝ ነበር። ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ዝም ብለው ያዩኝ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም የሚጠብቁት የዓሣ ሆድ ዕቃ ነው።

ይህን ሁሉ በሳቅ ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር። ግን እዚያው ጎንበስ ብዬ ሳለሁ በክንዴ ሥር አንድ ጀልባ ከአሞራ ገደል በኩል ሲመጣ አየሁ። ቤተሰብ ነው የጫነው። ከአቅሙ በላይ ጭኗል፤ ጠርዙ ከውሃው የሚርቀው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ሁለት ሕፃናት ጠርዙ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያንቦጫርቃሉ። ላይፍ ጃኬት የለበሰ አንድም ሰው የለም። ጀልባው ከዚያ ሁሉ አሠልጣኝ፣ ከዚያ ሁሉ ሐኪም፣ ከዚያ ሁሉ መሐንዲስ ፊት ለፊት አለፈ። አንድም ሰው "እንዲያ አይደለም" አላለም። አንዲት ነፍስ! ሰላምታ ነው የሰጧቸው፣ እጃቸውን እያውለበለቡ። የእኔ መቀመጫ ከፍ ማለት ያንጨረጨረው ሕዝብ ሕፃናቱን "ቻው ቻው" ብሎ ሸኘ። ይህ ሐይቅ ስንቱን ልጅ እንደወሰደብን የማያውቅ ሐዋሳ ውስጥ የለም። እዚህ ላይ ነው እውነቴን የተናደድኩት፤ ከሰሌዳው ወርጄ ባለጀልባውን ጮህኩበት። ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ? "አንተ መጀመሪያ ሱሪህን አስተካክል።" ሕዝቡ ከእሱ ጋር ሳቀ።

ያ ምሽት ለእኛ የሚሆን ምክር አልጠፋም። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረባቸውን ለሌሊቱ ሊጥሉ ሲዘጋጁ ከጥጉ ሆነው ሲያዩን ቆይተዋል። የእህቴን ልጅ ወደ እሳቸው ጠርተው በዝግታ "ልጄ፣ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል። ማለዳ ውሃው ይተኛል፣ ያኔ ኑ። ሲመሽ ደግሞ ጉማሬ ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ወደ ቄጤማው አትጠጉ" አሏት። ይኸው ነው። ውቅያኖሱ ላይ ፀሐይ መግቢያ የነበረው ክፍለ ጊዜ እኛ ዘንድ ጎህ ሲቀድ እንዲሆን ተወሰነ። ሽማግሌውን ከእኛ በቀር የሰማቸው የለም፤ ሰው አሰብ ነበር።

ልጅቷ ስትመለስ ሰሌዳውን ለእኔ ትታልኝ ሄደች። ማለዳ ማለዳ፣ አማካሪው ሁሉ ሳይነሳ፣ እወርዳለሁ። ፓምፑ ግን ደረቴን ጨረሰው። ትናንት ያ ዝምተኛ ጎሚስታ ቤቴን አጠያይቆ መጣ። ከአሮጌ የጎማ ቫልቭና ከቧንቧ ቁራጭ ለኮምፕረሰሩ መግጠሚያ ሠርቶለታል። ሰካው፣ ገጠመ። መለኪያውን እያየ እስከ አንድ ባር ሞላና ዘጋው። ሂሳቡን ከፍዬው ሲወጣ ዓይኑ ማማው ላይ አረፈ። ቆመ፤ ከሥር እስከ ላይ አየው።

"ጋሼ፣ ይሄን ሮቶ ማን ነው እዚያ ላይ የሰቀለብዎ?" አለኝ።

አፌን ሳልከፍት ከአጥሩ በላይ የሻይ ብርጭቆ ብቅ አለ።

"እኔም እኮ" አለ ጎረቤቴ፣ "ሁልጊዜ የምለው ይሄንኑ ነው።"