ዜና የማያምኑት ዜና አድራሽ ሊቃችን፣ ዕድሜ ይስጥልን

ፖሊስ ገና የትምህርት ቤቱን ክፍሎች አንድ በአንድ እየፈተሸ ነው። ወላጆች ከቢጫው ገመድ ማዶ ቆመው የማይነሳ ስልክ ደጋግመው ይደውላሉ። የሟች ቁጥር አልታወቀም፤ የተኳሹ ስም አልወጣም። ሊቃችን ግን ጨርሰዋል። ማን እንደተኮሰ፣ ለምን እንደተኮሰ፣ ከጀርባው ማን እንዳለና ሚዲያው ምን እንደሚደብቅ በአራት መስመር አጠናቀው ለሦስት የቴሌግራም ግሩፕና ለማኅበሩ ዋትስአፕ አድርሰዋል። ከላይ «ሚዲያው የማይነግራችሁ!!!» የሚል ርእስ፣ ከሥሩ የተኳሹ ነው የተባለ ፎቶ፣ ከፎቶው ቀጥሎ ከቴሌቪዥን የተቆረጠች የ20 ሰከንድ ቪዲዮ። የጣቢያው ዓርማ ጥግ ላይ እንዳለ ነው።

እኒህን ሰው ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ ዳላስም ይሁን ሚኒያፖሊስ ቡና የጠጣ ሁሉ ያውቃቸዋል። ሐበሻ ብቻም አይደሉም፤ ጆን የሚባሉ አሉ፣ ሊንዳ የሚባሉ አሉ። መሣሪያ ይከልከል ባይም ናቸው፣ መሣሪያዬን አትንኩ ባይም ናቸው። የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢው ጋሉፕ በ1976 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሲጠይቅ ከ100 አሜሪካዊ 72ቱ ዜና አውታሮችን አምናለሁ ብሎ ነበር። በ2025 እንዲህ ያለው 28 ብቻ ነው። የቀረው ሰው ዜና ማየት አቆመ ብሎ የሚያስብ ካለ የዋህ ነው። አያምንም እንጂ ያያል፤ ከማየትም አልፎ ያደርሳል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ያሉ አባቶቻችን እንዲህ ያለ ባለመላ ትውልድ ይመጣል ብለው የጠረጠሩ አይመስለኝም።

ሙያው ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቁጥር መምረጥ ብቻውን ጥበብ ነው። የ2021ን ውሰዱ። በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ በመሣሪያ የሞተው 48,830 ሰው ነው። ኤፍቢአይ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ለመግደል እየተኮሰ የሚዞረውን ብቻ ለይቶ ስለሚቆጥር 61 ጥቃትና 103 ሟች መዘገበ። ገን ቫዮለንስ አርካይቭ የተባለው ድርጅት ተኳሹን ሳይጨምር 4 ሰውና ከዚያ በላይ በጥይት የተመታበትን ሁሉ፣ የሰፈር ጠብም ይሁን የልደት ድግስ፣ ስለሚቆጥር ከ600 በላይ ጥቃትና ከ700 በላይ ሟች አለ። ሁለቱም አልዋሹም፤ የሰፈሩበት ቁና ነው የሚለያየው።

ደካማ ሰው እዚህ ላይ ቁናውን ይጠይቃል። ሊቃችን አይጠይቁም። ነገሩ ተጋነነ ማለት ያማራቸው ዕለት 103ን ይመዛሉ፤ አገር አለቀ ማለት ያማራቸው ዕለት 700ውን። ከ48,830ው ውስጥ 26,328ቱ በገዛ እጁ የሞተ መሆኑን ግን የሁለቱም ወገን ሊቃውንት በአንድ ድምፅ ትተውታል። እኝህ የማይስማሙ ሰዎች የተስማሙበት ብቸኛ ነጥብ ስለሆነ መከበር አለበት። መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ ከኮመዲኖ መሳቢያ በወጣ አንድ ሽጉጥ፣ ሄሊኮፕተር ሳያንዣብብ የሞተ ሰው ለክርክር አይመችም። ሽጉጥ ራሱም አይመችም። በ2020 የኤፍቢአይ መረጃ ከተገኘላቸው የመሣሪያ ግድያዎች 59 በመቶው በሽጉጥ፣ 3 በመቶው በጠመንጃ የተፈጸሙ ናቸው፤ የቀረው በአብዛኛው የመሣሪያው ዓይነት ያልተገለጸ ነው። ክርክሩ ሁሉ በ3 በመቶዋ ላይ ነው፤ ጥቁሩ ጠመንጃ ለፎቶ ያምራላ።

ስለ ጠመንጃው ካነሣን፣ ሊቃችን የቃላት ሊቅም ናቸው። ጋዜጠኛው «ኤአር» ማለት «አሶልት ራይፍል» ነው ብሎ ከተሳሳተ ወዮለት፤ ፊደሎቹ የመጡት አርማላይት ከተባለው ፋብሪካ ስም ነው። የጥይት ካዝናውን በሌላ ስም ከጠራው ወዮለት። ከፊል አውቶማቲኩን አውቶማቲክ ካለው አለቀለት፤ አንዱ ቃታ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት የሚተፋ ነው፣ ሌላው ቃታው ተይዞ እስከቆየ የሚንጣጣ። እውነታቸውን ነው፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ሕጉ የሚቆመውም እዚህ ላይ ነው። ጥበቡ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው፦ ጋዜጠኛው የካዝናውን ስም ስለሳተ ሞቱ የተባሉትም አልሞቱም። አንድ ቃል ተሳስቷልና ዘገባው በሙሉ፣ ከነከተማው ስም፣ ውሸት ነው። በላስ ቬጋሱ የ2017 እልቂት ተኳሹ የተጠቀመበትን ባምፕ ስቶክ፣ ማለትም በጠመንጃው ርግጫ ቃታውን ከጣት ጋር ደጋግሞ የሚያጋጨውን ሰደፍ፣ የተገጠመለት ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ መትረየስ ይባላል ወይስ አይባልም በሚለው ዘጠኙ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ራሳቸው በ2024 ሳይስማሙ 6 ለ 3 ነው የተለያዩት። ሊቃችን ግን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቀጥታ ስርጭት የሚገባው የሰፈር ሪፖርተር ይህን ስለምን አያውቅም ብለው ይቆጣሉ። ቁጣ ሲያምርባቸው።

የሕዝብ አስተያየት ላይ ሲደርሱማ እጃቸው ሌላ ነው። ማንም መሣሪያ ሲገዛ ባክግራውንድ ቼክ፣ ማለትም ያለፈ ታሪኩ ማጣሪያ፣ ይደረግበት ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ከ100 ሰው 90 ያህሉ አዎ ይላል። በኮኔቲከቱ ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች በተገደሉ በአራተኛው ወር፣ ኤፕሪል 2013፣ ሴኔቱ ማጣሪያውን የሚያሰፋውን ሐሳብ 54 ለ 46 ድምፅ ሰጥቶበት ወደቀ፤ 60 ያስፈልግ ነበር። ከዚያ ወዲህ የከልክሉ ወገን ሊቃውንት «ሕዝቡ ፈልጎ፣ ፖለቲከኛው ሸጦት ነው» የሚለውን በጸሎት ቤት ደወል አዘውታሪነት ይደግሙታል። ሜይን ግዛት በ2016 ይህንኑ ጉዳይ ለሕዝቡ ራሱ አቅርባ 52 ለ 48 መውደቁን፣ ኔቫዳም በዚያው ቀን ከ50 በመቶ በጥቂት ፈቀቅ ብላ ማለፏን ያነሣ ሰው ግን ከግሩፑ ይወጣል። ምክንያቱ ድብቅ አይደለም። ስልክ ደውሎ የሚጠይቀው ባለሙያ አንዲት መስመር ያነብልሃል፤ የምርጫ ወረቀቱ ግን ከነአንቀጹ ነው የሚመጣው። ለአደን ጓደኛዬ ጠመንጃ ባውሰው ወንጀለኛ ልሆን ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ሜይን ላይ ነው የተነሣው፤ በስልክ ማንም አላነሣውም።

የአትንኩኝ ወገኑም ጥያቄ መምረጥ አያቅተውም። ጋሉፕ ሽጉጥ ከፖሊስና ከተፈቀደለት ሰው በቀር ይታገድ ወይ ሲል በ1959 ከ100 ሰው 60ው ይታገድ ብሎ ነበር፤ በ2021 ያለው 19 ነው። «ሕዝቡ ቁጥጥር አይፈልግም!» ብለው ይህቺን ይለጥፏታል። ማገድና ማጥበቅ አንድ አይደሉም የሚላቸው ሰው ጭቅጭቅ ወዳድ ነው።

ኀዘኑ ራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው፤ የኛን ተዝካር ለሚያውቅ አይጠፋውም። ዩቫልዲ ቴክሳስ ላይ ሜይ 24 ቀን 2022 19 ተማሪዎችና 2 አስተማሪዎች ሲገደሉ፣ በጁን የመሣሪያ ሕግ ይጥበቅ ያለው ከ100 ሰው 66 ነበር። ሰልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ሰማንያው አለፈ። በኦክቶበር፣ መንፈቁ እንኳ ሳይደርስ፣ 57 ሆነ። ልብ ያለው ፖለቲከኛ ታዲያ ምን ያደርጋል? «አሁን የኀዘን ጊዜ ነው፣ የፖለቲካ አይደለም» ብሎ መንፈቁን ይጠብቃል። በዚያች ዓመት ሁለቱ ፓርቲዎች ተስማምተው አንድ ሕግ አውጥተዋል፤ የተፈረመውም ጁን 25 ነው፣ አርባው ሳይወጣ። አንድ ወር የቆየ ሰው ያጣው ነበር። ሌላ የሚቸኩል ካለ ነጋዴው ነው። ከሳንዲ ሁክ በኋላ፣ ዲሴምበር 2012፣ ለኤፍቢአይ የቀረበው የማጣሪያ ጥያቄ ከ2 ሚሊዮን 780 ሺህ አልፎ እስከዚያ ድረስ ታይቶ የማይታወቅ ሆኗል። «ሊነጥቁን ነው» የምትለው መልእክት ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ትሸጣለች፤ ሊቃችንም ኮሚሽን ጠይቀው አያውቁም። ለጋስ ናቸው።

የባለመሣሪያ መዝገቡን ደግሞ እንይ፤ እሱ ላይ ሁለቱም ወገን እኩል ይወደሳሉ። አንደኛው ሊቅ «መንግሥት ስማችንን በኮምፒውተር ይዞ ቤት ለቤት ሊለቅም ነው» ብለው ሲሸበሩ ያድራሉ። ሁለተኛው «ባለሽጉጡን ማግኘት ኮምፒውተር ላይ ስም ጽፎ ማየት እኮ ነው፣ ካልተገኘ ስንፍና ነው» ብለው ተረጋግተው ይተኛሉ። ኮምፒውተሩ የለም። የ1986ቱ ሕግ የፌዴራል መንግሥቱ የባለመሣሪያ መዝገብ እንዳያቋቁም ይከለክላል። ወንጀል ላይ ሽጉጥ ሲገኝ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ማርቲንስበርግ ያለው የመሣሪያ ተቆጣጣሪው የፌዴራል መሥሪያ ቤት የኤቲኤፍ ቢሮ ተከታታይ ቁጥሩን ይዞ ፋብሪካውን ይጠይቃል። ፋብሪካው ጅምላ ሻጩን ይነግረዋል፣ ጅምላ ሻጩ ሱቁን፣ ባለሱቁ ገዢው የሞላውን ፎርም 4473 ከመደርደሪያው ይፈልጋል። ሱቁ ተዘግቶ ከሆነ ወረቀቱ በካርቶን ማርቲንስበርግ ገብቷል፤ ስካን ቢደረግም በስም እንዳይፈለግ ተደርጎ ነው፣ ገጽ በገጽ ማገላበጥ ነው። የመጀመሪያው ገዢ ለጎረቤቱ ሸጦት ከሆነ ደግሞ በብዙ ግዛት ዱካው እዚያው ያልቃል። እናም ካርቶን የሚፈታ ሠራተኛ በመኖሩ አንዱ እንቅልፍ አጥቷል፣ ሌላው እንቅልፍ ወስዶታል።

ወደ ዋናው ሙያ እንመለስ፣ ወደ እርማት። ዩቫልዲ ላይ ባለሥልጣናት መጀመሪያ፣ የትምህርት ቤቱ ፖሊስ ተኳሹን ደጅ ላይ ገጥሞታል አሉ። ሁለት ቀን ቆይተው የገጠመው የለም፣ ያለ ከልካይ ገባ አሉ። አስተማሪዋ በሩን ክፍት ትታዋለች አሉ፤ ኋላ ዘግታው ነበር፣ ያልያዘው መቆለፊያው ነው አሉ። አገረ ገዢው የፖሊሶቹን ጀግንነት ካሞገሱ በኋላ አሳሳቱኝ ብለው ተቆጡ። እውነቱ ሲጠራ ከየመሥሪያ ቤቱ 376 የሕግ አስከባሪዎች ደርሰው፣ ክፍሉ የተሰበረው ተኳሹ በገባ በ77 ደቂቃው ነው። የኮሪደሩን ቪዲዮ በጁላይ ያወጡት የኦስቲን ጋዜጣና አንድ የዚያው ከተማ ቴሌቪዥን ናቸው፤ ሚዲያ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ዘገባዎች «ፖሊስ እንዳለው» ይላሉ። ይህቺን ሐረግ መዝለል የሊቃችን የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ሐረጓ ከተዘለለች ፖሊስ የተናገረው ሁሉ ጋዜጣው የተናገረው ይሆናል፤ ፖሊስ ቃሉን ሲለውጥ የዋሸው ጋዜጣው ነው። ጋዜጣው እርማት ሲያወጣ ደግሞ «ዋሽቻለሁ ብሎ አመነ» ይባላል። እርማት አውጥቶ የማያውቀው ገጽ ግን አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ አያውቅም፤ ፈልጋችሁ እዩ፣ አንድ እርማት አታገኙበትም። የሴራ ወሬ አስተላላፊው አሌክስ ጆንስ ሳንዲ ሁክ ድራማ ነው፣ የሞተ ሕፃን የለም እያለ ዓመታት ሲያስተላልፍ ይህንኑ ንጽሕና ጠብቆ ነበር። የሟች ልጆች ወላጆች በአድማጮቹ ሲሰደቡና ሲዛትባቸው ኖረው ከሰሱት። ኦገስት 2022 ፍርድ ቤት ቀርቦ መቶ በመቶ እውነት ነው አለ፤ ኦክቶበር ላይ የኮኔቲከት ዳኝነት ሸንጎ 965 ሚሊዮን ዶላር ክፈል አለው። በዓለም ላይ ውድ እርማት የሚባል ካለ ይህ ነው፤ ሊቃችን እሱን አላደረሱትም፣ ኔትወርክ አልነበራቸውም።

አሁን ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። የእኅታቸው ልጅ ስልኳን እያየች ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ የላኩት ፎቶ እኮ የተኳሹ አይደለም። ቀልደኛ ነው፤ በየተኩሱ የሱን ፎቶ ነው ለቀልድ የሚለጥፉት።»

«አንቺ ደግሞ የሚዲያ ጠበቃ ሆነሽልኛል።»

«ሚዲያውማ አላወጣውም ጋሼ።»

«አየሽ? ደብቀውት ነው!»

በማግሥቱ የከተማው ጋዜጣ ትናንት የተኳሹን ዕድሜ 19 ብለን የጻፍነው 18 ተብሎ ይታረም አለ። ሊቃችን እርማቷን ፎቶ አነሷት፤ ከላይዋ «ሚዲያው መዋሸቱን አመነ!!!» ብለው ጻፉ፤ ከሥሯ የቀልደኛውን ፎቶ መልሰው ለጠፉ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከማኅበሩ ግሩፕ 14 ሰው «አሜን» ብሎላቸዋል።