ሰሙ አለ፤ ወርቁ የታለ?

ባለፈው ክረምት መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት፣ ልጆች የሚጫወቱበትን ትንሽ ቀይ የሌዘር መብራት ጠረጴዛ ላይ አስተካክዬ በፕላስተር አሰርኩት። ከልጄ ማበጠሪያ ያነሳሁትን አንድ ፀጉር አፉ ላይ ወጥሬ ለጠፍኩና ወደ ግድግዳው አበራሁ። ግድግዳው ሦስት ሜትር ይርቃል። አጎቴ ሻማቸውን በእጃቸው ከልለው ከኋላዬ ቆመዋል። የጠበቅነው መካከሉ ላይ ቀጭን ጥላ የተሰመረበት ቀይ ነጥብ ነበር። የታየው ግን በግራና በቀኝ እንደ መቁጠሪያ የተዘረጋ ነገር ነው፤ ቀይ፣ ጨለማ፣ ቀይ፣ ጨለማ። በማስመሪያ ስለካው ከአንዱ ጨለማ እስከ ሌላው ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ሆነ። ከዚህ ቁጥር ተነስቶ የፀጉሩን ውፍረት ማስላት ይቻላል፤ የልጄ ፀጉር 0.08 ሚሊሜትር ያህል ነው።

እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለም። ብርሃን እንደ ውኃ ማዕበል እየተደራረበ እንደሚጠነክርና እንደሚጠፋፋ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ይታወቃል። ነገሩ የሚከብደው ብርሃኑን እያዳከሙ ሲሄዱ ነው። ጄፍሪ ቴይለር የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት በ1909 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህንኑ በፀጉር ፈንታ በመርፌ ሞከረው። ብርሃኑን በጠቆረ መስታወት እያጣራ፣ ከአንድ ማይል በላይ ርቆ ከሚነድ ሻማ የሚደርሰውን ያህል እስኪሆን አደከመው። ፎቶው ለመነሳት ሦስት ወር ያህል ፈጀ፤ እስኪደርስም ቴይለር በጀልባ ሽርሽር ሄደ ይባላል። ሲመለስ መስመሮቹ እንደ ወትሮው ጥርት ብለው ተቀምጠዋል። በኋላ ሌሎች አንዲት የብርሃን ቅንጣት ብቻ፣ እየለዩ መልቀቅ ቻሉ። እያንዳንዷ አንድ ቦታ ላይ ጠብ ትላለች፤ ነጥብ ናት። ሺዎቹ ሲጠራቀሙ ግን መቁጠሪያው ይወጣል። ብቻዋን የተጓዘችው ቅንጣት ከማን ጋር ተገፋፍታ ነው ጨለማውን የሸሸችው?

የእነዚህን ቅንጣቶች ጠባይ የሚያጠናው ሳይንስ ኳንተም ፊዚክስ ይባላል። ይህን የማነሳው በንዴት ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ስለ ስኬት በተሰጠ ሥልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። አሠልጣኙ «ኳንተም ፊዚክስ እንዳረጋገጠው እውነታን የሚፈጥረው ተመልካቹ ነው፤ ሀብታም ነኝ ብላችሁ ካሰባችሁ ሀብታም ናችሁ» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት ቃል በቃል ጻፈችው። የመግቢያ ዋጋውን ከፍዬ ስለነበር ይሁን ከይሉኝታ፣ እኔም ዝም አልኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥፋቱ በከፊል የቃል ነው። ሳይንቲስቶቹ የመረጡትን ቃል «ተመልካች» ወይም «ታዛቢ» ብለን ተርጉመነዋል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ታዛቢ ዓይን ብቻ አይደለም፤ አይቶ በሆዱ የሚይዝ፣ የሚፈርድ ሰው ነው። ቅንጣቷ ግን ሰውም ሐሳብም አትጠብቅም። በቪየና ተመራማሪዎች እነዚያን መስመሮች በትልልቅ የካርቦን ሞለኪውሎች ጭምር አሳይተዋል። በመንገዳቸው ላይ ጥቂት ጋዝ ሲለቀቅ መስመሮቹ እየደበዘዙ ሄዱ። ጋዙ ማንንም አልታዘበም። የሞለኪውሉ መንገድ በአካባቢው ላይ ዱካ መተዉ ብቻ በቂ ነው፤ ዱካውን የሚያነብ ሰው ባይኖርም። የሀብታምነት ምኞት በዚህ ውስጥ ቦታ የለውም።

ይህን ስል ግን ነገሩ ተራ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ከአሠልጣኙ ተረት ይልቅ እውነተኛው ይገርማል። አልበርት አንስታይን የቅኔ ሰሚ ዓይነት ሰው ነበር። «ተማረ» የሚለው ቃል ትምህርት ቀሰመም፣ ምሕረት አገኘም ያሰኛል። ሰሚው ሰሙን ይዞ ይንከራተታል እንጂ ወርቁ ከመጀመሪያው እዚያው አለ። አንስታይንም በ1935 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እንዲህ ተከራከረ፤ ቅንጣቷ ስትጠየቅ የምትሰጠው መልስ ቀድሞ ውስጧ ነበር፤ ኳንተም ሊያሳየን አልቻለም ማለት ጽንሰ ሐሳቡ ጎዶሎ ነው ማለት ነው። የማይስማማ ማን አለ? እኔ ለዓመታት ከአንስታይን ወገን ነበርኩ።

ከዚያ በ1964 ጆን ቤል የተባለ የሰሜን አየርላንድ ሰው ክርክሩን ከፈላስፎች እጅ ወስዶ ቆጠራ አደረገው። ሐሳቡን በችሎት ላስረዳ። ዳኛው ሁለት ምስክሮችን በተለያየ ክፍል ያስቀምጣል። ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ምስክር ከሦስቱ አንዱን በዕጣ አውጥቶ ይጠይቃል። በማግሥቱ ሌሎች ጥንድ ምስክሮች፣ በሦስተኛው ቀንም ሌሎች ይመጣሉ። ለሁለቱም ያው ጥያቄ በደረሳቸው ቁጥር መልሳቸው አንድም ቀን ተለያይቶ አያውቅም። «ተመካክረው ነው የመጡት» ይላል ዳኛው። ይሁን፤ ለሦስቱም ጥያቄ መልስ ይዘው መጡ እንበል። ሦስት መልስ፣ ሁለት ዓይነት ብቻ፤ ቢያንስ ሁለቱ መመሳሰላቸው ግድ ነው። እንግዲያው የተለያየ ጥያቄ ሲደርሳቸውም ከሦስት ጊዜ ቢያንስ አንዴ መልሳቸው ይገጥማል። ምክሩ እንዴት ቢሸረብ ከዚህ አይወርድም።

በጥንድ የተወለዱ የብርሃን ቅንጣቶች ግን፣ ሦስቱ ጥያቄዎች በ60 ዲግሪ የተራራቁ የማጣሪያ አቅጣጫዎች ሲሆኑ (ቅንጣቷ በማጣሪያው ካለፈች «አዎ»፣ ካላለፈች «አይደለም» አለች ማለት ነው)፣ የሚገጥሙት ከአራት ጊዜ አንዴ ብቻ ነው። ከሦስት አንድ ሳይሆን ከአራት አንድ። ያቺ ትንሽ ልዩነት ናት የአንስታይንን ወርቅ የወሰደችው። ጆን ክላውዘር በ1972፣ አለን አስፔ በ1982 ይህን መሰሉን ፈተና በቤተ ሙከራ አደረጉት፤ ከአንቶን ዘይሊንገር ጋር በ2022 ኖቤል ተሸለሙ። ቤል ግን በ1990 አርፎ ነበርና አላየውም።

ለእውነት ስል አንድ ነገር ልጨምር። ወርቁን ማስቀረት የሚፈልግ ሰው አሁንም መንገድ አለው፤ ዴቪድ ቦም በ1952 አሳይቶታል። ዋጋው ከባድ ነው፤ ሁለቱ ክፍሎች የቱንም ያህል ቢራራቁ አንደኛው የሌላውን ጥያቄ በቅጽበት «ይሰማል» ብሎ መቀበል ያስፈልጋል። እኔ ያንን ከመክፈል፣ መልሱ ከጥያቄው በፊት አልነበረም ማለት ይቀለኛል። ይቀለኛል ስል እንቅልፍ ይሰጠኛል ማለቴ አይደለም።

ያን ምሽት ይህን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኳቸው። በልጅነታቸው ዋሸራ ቅኔ የቆጠሩ ሰው ናቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣

«ካልነበረ ማን መለሰ?» አሉኝ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ የተዘጋጀሁበትን ንጽጽር አወጣሁ። «ከቅኔ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ በቅኔ ባለቤቱ ወርቁን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የምንፈልገው እኛ ነን» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ይህን ደግሞ ማን ነገረህ? ሌሊቱን ስቆጥር አድሬ ጠዋት ለየኔታ ሳሰማቸው፣ እኔ ያላሰብሁትን ወርቅ አውጥተው ያመሰግኑኝ ነበር። እኔም እንዳሰበበት ሰው አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ። የማን ነበር እንግዲህ?»

ሻማው አልቆ መንቦግቦግ ጀምሯል። አጎቴ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«እስቲ ፀጉሩን አንሳው።»

አነሳሁት። አንድ ቀይ ነጥብ ብቻ ቀረ።

«መልሰው» አሉ።