እርማት፦ ቆጣሪ ገባ ማለት ሽቦው ጸደቀ ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ ባሕር ዳር ስለምታሠራው ቤት «መብራት ኃይል ቆጣሪ ካስገባ ሽቦው ጸድቋል፤ ሌላውን ኤሌክትሪሺያኑ ይወስናል» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ግን ልክ አይደለም።

የኤሌክትሪክ አገልግሎት ኃይል አቅራቢ ነው። ፕላን የሚያጸድቀው፣ ግንባታውንም የሚቆጣጠረው የከተማው የሕንፃ ሹም ነው፤ ይህን ሥልጣን በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ዘርዝሮታል። ለኤሌክትሪክ ተቋራጮች የብቃት ማረጋገጫ የመስጠቱ ሥራ ደግሞ በአዋጅ 810/2006 ለኢነርጂ ባለሥልጣን ተሰጠ።

ኤሌክትሪሺያንህ ኮዱን፣ ማለትም የሽቦ ዝርጋታውን ደንብ፣ ያከብራል እንጂ አያሻሽልም። «ኧርዝ ጌጥ ነው» ብሎ ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደውን ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ከሶኬቱ ጀርባ ቆርጦ ቢጥለው ቆጣሪው ምን አገባው? መቁጠሩን ይቀጥላል። ሐይቁ ዳር፣ እርጥብ ሻወር ቤት ውስጥ፣ የውኃ ማሞቂያ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ግድግዳው ሳይለሰን የሹሙን ቢሮ ጠይቅ።