ፑሽኪን ወጣ እንጂ ቨርጂል አልወጣም

የዩክሬን ትምህርት ቤቶች ነገር በተነሳ ቁጥር አንድ ክስ ተከትሎ ይመጣል፤ ሰሞኑንም ሲራገብ ሰንብቷል። «ፑሽኪንን ከመማሪያ መጽሐፍ ያስወጣች አገር የዓለምን ሥነ ጽሑፍ ዘግታለች» ይላል። በእኛ ዘንድ ደግሞ የዘመድ ቁጣ ይጨመርበታል፤ ቅድመ አያቱ ከእኛ ወገን ነው ብለን ሳር ቤት ላይ አደባባይ በስሙ ሰይመናልና።

ቁጣው ይገባኛል። ክሱ ግን ሐሰት ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 የዩክሬን ትምህርት ሚኒስቴር «የውጭ ሥነ ጽሑፍ» ከተባለው ትምህርት ሩሲያውያኑን ፑሽኪንን፣ ቶልስቶይንና ዶስቶየቭስኪን አወጣ። ትምህርቱ ግን ራሱን ችሎ፣ ከዩክሬን ሥነ ጽሑፍ ጎን ለጎን መሰጠቱን ቀጥሏል። ሆሜር፣ ዳንቴ፣ ሼክስፒር፣ ጎተ፣ ካፍካ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። ዓለም ማለት ሞስኮ ናት ካልተባለ በቀር የቱ በር ነው የተዘጋው? ዶስቶየቭስኪን የማያነብ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሚቀርበት ነገር አለ፤ ይህን አልክድም። ከተሞቹ በሚሳይል እየተደበደቡ ያንኑ ካላነበብክ አልተማርክም የሚለው ፈራጅ ግን ከሩቅ ሆኖ ነው የሚያወራው።

ጩኸት ካስፈለገ ሌላ የሚጮህበት ጉዳይ አለ። ሁለቱ ትምህርቶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ አይነጋገሩም። ለዓመታት የሠራውን ፕሮግራም እንይ። ከወደቀችው ከትሮይ የተሰደደውን የኤኔያስን ጉዞ የሚተርከው፣ የሮማዊው ገጣሚ የቨርጂል «ኤኔይድ» በ8ኛ ክፍል በውጭ ሥነ ጽሑፍ ይነበባል። በዚያው ታሪክ ላይ የተሳለቀው፣ እ.ኤ.አ. ከ1798 ጀምሮ የታተመው የዩክሬናዊው ገጣሚ የኮትሊያሬቭስኪ «ኤኔይዳ» ደግሞ በዩክሬን ሥነ ጽሑፍ 9ኛ ክፍልን ይጠብቃል። በመካከሉ አንድ ክረምት አለ፤ በክረምት ደግሞ ቨርጂል ይረሳል። ተማሪው ኮትሊያሬቭስኪ ዘንድ ሲደርስ የሚያየው መብልና መጠጥ የሚወድ ጎረምሳ ኮሳክ (የድሮ የዩክሬን ተዋጊ) ብቻ ነው። ይስቃል፤ በምን እንደሳቀ ግን አያውቅም።

መፍትሔው አንድ የ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜና አንድ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ግራ የቨርጂል የመጀመሪያ መጽሐፍ ማዕበል፣ በቀኙ የኮትሊያሬቭስኪ። ቨርጂል ይቅደም፤ ተገልብጦ ከተጀመረ ልጆቹ ስቀው ይጨርሱና ቨርጂል ሲመጣ ያዛጋሉ። ጥያቄው አንድ ይሁን፦ ባሕሩን ማን፣ ለምን ጸጥ አሰኘው? በቨርጂል ዘንድ ኔፕቱን ነፋሳቱ ያለ ፈቃዱ ግዛቱን ስለደፈሩ ተቆጥቶ ያባርራቸዋል። በኮትሊያሬቭስኪ ዘንድ ግን ኤኔያስ ራሱ ለኔፕቱን ጉቦ ያስጨብጠዋል፤ ማዕበሉም ወዲያው ይበርዳል። የባሕር አምላክ እጁን የሚዘረጋ ሹም ሆኖ አረፈው! የ14 ዓመት ልጅ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ቨርጂልን ያነበበው ከሳምንት በፊት እስከሆነ ድረስ። ከዚያ በኋላ የትሮይ መውደቅና እ.ኤ.አ. በ1775 የፈረሰው የኮሳኮች ምሽግ፣ የዛፖሪዥያ ሲች፣ አንድ ላይ ቢነሱ ጆሮ ያገኛሉ። «ተመሳሳይነትና ልዩነት» የሚል ሠንጠረዥ ግን በፍጹም አይሰጥ። ልጆች ሠንጠረዥ ሳያነቡ መሙላት ይችሉበታል።

አሁን አሁን ሁለቱ ይዋሐዱ የሚለው ሐሳብ እየበረታ ነው፤ የተዋሐደ ኮርስም አለ። ሰዓቱ ሳይነካ ከሆነ እሰየው። ግን በ10ኛና በ11ኛ ክፍል መደበኛ ደረጃ ለውጭ ሥነ ጽሑፍ የተተወው በሳምንት 1 ሰዓት፣ ለዩክሬኑ 2 ሰዓት ነው። በአገር አቀፉ የመግቢያ ፈተና የዩክሬን ሥነ ጽሑፍ በምርጫ አለ፤ የውጭው ጭራሹን የለም። ፈተና የሌለው ትምህርት ሲዋሐድ ማን ማንን እንደሚውጥ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ያኔ ደግሞ ለመቀነስ የመጀመሪያው የሚሆነው ፖል ሴላን ነው፤ ዛሬ የዩክሬን በሆነችው በቼርኒቭትሲ ተወልዶ «የውጭ» የተባለው ገጣሚ።

የዓለምን ሥነ ጽሑፍ መዝጋት ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚፈልግ የሶቪየት ዘመኑን ዩክሬናዊ ተርጓሚ ሚኮላ ሉካሽን ይጠይቅ። የጎተን «ፋውስት» እ.ኤ.አ. በ1955 በዩክሬንኛ ያወጣው እሱ ነው። በታሰረው በሐያሲው በኢቫን ጁባ ፈንታ እኔ ልታሰር ብሎ በመጻፉ እ.ኤ.አ. በ1973 ከደራስያን ማኅበር ተባረረ፤ ለዓመታትም የኅትመት በር ተዘጋበት። የዘጉበት የኪየቭ መምህራን አልነበሩም።