ቀድማ የደረሰችው ቲማቲም

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ከግቢ ስወጣ ጥበቃችን ጋሼ ፊታቸው ጥሩ አይደለም። "ምነው አመመዎት እንዴ?" ስላቸው "ደሞዝ ተጨመረ አሉ" አሉኝ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አርገው።

የመንግስት ሰራተኛ ትንሹ ደሞዝ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ይላል የተባለ ሰሞን ነው። እሰይ፣ ይገባቸዋል፣ እኔ በሰው እንጀራ አልገባም። ጋሼ ግን የኤጀንሲ ናቸው፣ ኤጀንሲው ከድርጅቱ የሚቀበለው ሌላ ለሳቸው የሚደርሰው ሌላ። ለግል ሰራተኛ ደግሞ የደሞዝ ወለል፣ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚባል፣ የለም፣ የ2011ዱ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ይህን ወለል የሚያጠና የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነበር፣ ይኸው እየጠበቅን ነው፣ ጋሼ ወለል ሲባል የሚያውቁት ካርቶን አንጥፈው ጋደም የሚሉበትን ነው።

ወሬው በነሐሴ ተሰማ፣ ብሩ መስከረም ሲያልቅ ይገባል፣ ቲማቲሟ ግን በማግስቱ ደረሰች። ጉልት ሄጄ "እትዬ፣ ትናንት እኮ እንዲህ አልነበረም" ብላቸው

"ደሞዝ ተጨምሮላችሁ የለ እንዴ ልጄ?"

"እኔ እኮ የግል ነኝ"

"ቲማቲሙ የግል የመንግስት አይልማ!"

በሳቸውም አይፈረድም፣ እሳቸውም ላይ አምጪው ጨምሮባቸዋል፣ አምጪውን ለምን ቢሉት ደሞዝ ተጨመረ አላቸው። የኔ አከራይ እንኳን ህግ አክባሪ ናት፣ ዝም ብሎ ኪራይ መጨመር በአዋጅ ስለተከለከለ ኪራይ አልጨመረችም፣ የውሃ ነው የጨመረችው። ውሃው የሚመጣው በሳምንት ሁለቴ ነው።

እኔም ወኔዬን ሰብስቤ አለቃዬ ጋ ገባሁ። "ብጨምርልህ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ለናንተ ከጨመርኩ ሁለት ሰው መቀነሴ ነው" አለኝ። ይሄ ነገር ሌላም አገር ያከራክራል ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ግን ምን ልከራከር፣ ቢሮው ውስጥ ያለነው ሦስት ነን።

ማታ ስመለስ ጋሼ ስልካቸውን እያጠፉ ነው። እህታቸው ከአገር ቤት ደውላ "ወንድምዓለም ተጨመረልህ አሉ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ እንግዲህ የልጁን የደብተር..." ብላቸዋለች።

"እና ምን አሏት?"

"እልካለሁ አልኳት። ምን ልበል፣ አገር ሁሉ ተጨመረለት ሲል እኔ ብቻ አልተጨመረልኝም ልል ነው?"