የእድራችን ጸሐፊ ይኑርልን

ጅማ ፈረንጅ አራዳ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን የሚመጥን እንግሊዝኛ ያገኘው ግን አሁን ገና ነው፤ ለተማሩ ልጆቻችን ምስጋና ይግባቸውና። እነሱ «አድበሰበሰ» አይሉም፣ «ኦብፈስኬት አደረገ» ነው የሚሉት። ግሱ ከፈረንጅ፣ «አደረገ» ከእኛ። መተባበር እንዲህ ነው!

ከሁሉም የሚበልጥብኝ የእድራችን ጸሐፊ ነው። ባለፈው እሁድ ስብሰባ ላይ ተነሳ። ከረቫቱን አስተካከለ። «የተከበራችሁ አባላት፣ ገንዘብ ያዣችን አብስኳቹሌት አድርገዋል» አለ።

ሁሉም ጸጥ አለ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙና «ውይ! መቼ ጀመራቸው?» አሉ። አንድ አባት ከበርጩማቸው ሳይነሱ «አላህ ያሽራቸው» አሉ። ሌላው «ይሄ ነገር ጉበት ነው የሚይዘው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወዲያው ጠያቂዎች ተመረጡ። በነፍስ ወከፍ 50 ብር ተዋጣ። እኔም ሰጠሁ።

ጸሐፊው ላብራራ አላለም። የተማረ ሰው አስተርጓሚ አይደለማ።

ማታ ቃሉን ፈለግኩት። በፈረንጆቹ 1830ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለቀልድ የተፈጠረ ነው። እዚህ ቀዳማዊ አባ ጅፋር መንግሥታቸውን ሲያቆሙ፣ እዚያ ላቲን ላቲን የሚሸት ቃል እየገጣጠሙ መሳቅ ፋሽን ነበር። ፊቱ ላይ «አብ»፣ ራቅ ማለት፤ ይሄ እንኳ እውነተኛ ላቲን ነው። መሀሉ «ስኳት»፣ ቁጢጥ ማለት። ጅራቱ የምሁር ጅራት። ሲገጣጠም፣ ቁጢጥ ካሉበት ተነስቶ እብስ። ደራሲዎችም የሚያወጡት አንባቢ እንዲስቅ ሲፈልጉ ነው። የኛ ጸሐፊ ከረቫት አሰረለት።

አማርኛ መቼም ድሃ ነው። ለዚህ ነገር ያለው ሹልክ አለ፣ ላጥ አለ፣ እብስ አለ፣ ፈረጠጠ፣ ኮበለለ፣ እግሬ አውጪኝ አለ፣ በልጆቹ አፍ ደግሞ ላሽ አለ ብቻ ነው። በአንዱ ቢነገረን ኖሮ ግማሹ አባል ወደ መናኸሪያ ይሮጥ ነበር። ጭቅጭቅ ይነሳ ነበር። እንግሊዝኛው ግን በሰላም አሰናበተን።

ጠያቂዎቹ ትናንት ብርቱካንና የተዋጣውን ብር ይዘው ሄዱ። በሩ ተቆልፏል። ጎረቤት «ሻንጣ ይዘው በሌሊት ወጥተዋል» አላቸው።

«አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎላቸው ይሆናል» ብለው አዝነው ተመለሱ።