ስቲከር ለጥፎ «በእጅ የተሳለ» ማለት ማታለል ነው

ሰሞኑን አንድ የጃፓን ዕቃ ሻጭ ኦንላይን ከደንበኞቹ ጋር ሲከራከር አነበብኩ። «በእጅ የተሳለ የአሪታ ፖርሴሊን» (በጃፓኗ አሪታ ከተማ የሚሠራ ነጭ ሸክላ) ብሎ የሸጣቸው የሳኬ፣ ማለትም የጃፓን የሩዝ መጠጥ፣ መጠጫዎች ሥዕላቸው ታትሞ እንደ ስቲከር የተለጠፈ ነው አሉት። እሱም አልካደም። ዋናው መልኩ ነው፣ ልዩነቱን ደግሞ ማንም አይለየውም ብሎ መለሰ። በጣም ነው ያናደደኝ።

ማንም አይለየውም? ኦቾኮ የሚባሉት ትንንሽ መጠጫዎች ብዙ ጊዜ የሚሸጡት አምስት አምስት ሆነው ነው። አምስቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸውና አንዷን ቅጠል ብቻ ተመልከቱ። የታተመው ላይ ቅጠሏ አምስቱም ጋ አንድ ናት፣ ጫፏ እንኳን የሚታጠፈው እዚያው ቦታ ላይ ነው። በእጅ የተሳለው ላይ ግን አምስቱ ቅጠሎች እህትማማች ይመስላሉ እንጂ አንዷ ሌላዋን አትሆንም። ይህን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል።

ለመሆኑ ሰውዬው ሠዓሊዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ አይቶ ያውቃል? አሪታ በኪዩሹ ደሴት፣ ሳጋ ግዛት ውስጥ ናት። ዕቃው መጀመሪያ 900 ዲግሪ አካባቢ ይተኮሳል። ያን ጊዜ ገና መስታወት የመሰለው ሽፋን ስላልተቀባ፣ ውሃ ሲነካው እንደ በጋ አፈር ወዲያው ነው የሚመጠው። ቡሩሹ ቆም ካለ እዚያው ጠቆር ያለ ነጥብ ይቀራል፣ ማጥፋት የሚባል ነገር የለም። ቀለሙ ጎሱ ይባላል፣ ኮባልት ያለበት ነው፣ ሲቀቡት ደግሞ ሰማያዊ አይደለም፣ ጥቁርማ ግራጫ ነው። ሰማያዊ የሚሆነው ሽፋኑ ተቀብቶ 1300 ዲግሪ አካባቢ እንደገና ሲተኮስ ነው። ሠዓሊዋ የማታየውን ቀለም ነው የምትስለው! ሰፊውን ቦታ የሚሞሉበት ዳሚ የሚባል ዘዴም አለ፦ ወፍራም ቡሩሽ በቀለም ይጠግብና ፈሳሹን በዕቃው ላይ እየነዱ፣ የተረፈውን መልሰው በቡሩሹ እየመጠጡ ይሄዳሉ። ይህን ሁሉ ቶኩሪ በሚሉት አንገተ ጠባብ ማንቆርቆሪያ ሆድ ላይ፣ ዕቃውን በአንድ እጅ እያዞሩ አስቡት። ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቅ የሚጨመርበት ከሆነ ገና ሌላ እሳት ይጠብቀዋል፣ 800 ዲግሪ አካባቢ። ሙያው ደግሞ ዝም ብሎ የተገኘ አይደለም። የጃፓኑ ገዥ ሂዴዮሺ ኮሪያን በወረረ ጊዜ ከዚያ ተወስደው የመጡ ሸክላ ሠሪዎች በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያቆሙት፣ 400 ዓመት ከእጅ ወደ እጅ የመጣ ሙያ ነው። «መልኩ ያው ነው» የሚለው ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ሰረዘው።

ጃፓን ውስጥም እኮ ማተም የቆየ ነው የሚሉ አሉ። ልክ ነው፣ በሜይጂ ዘመን (ከ1868 እስከ 1912 እ.ኤ.አ.) በወረቀትና በመዳብ ሰሌዳ እያተሙ ብዙ ዕቃ አውጥተዋል። ግን ኢንባን የሚል የራሱ ስም አለው፣ ሰብሳቢዎችም በዚያ ስሙ ነው የሚገዙት። የታተመ ዕቃ በስሙና በዋጋው ከተሸጠ እኔ ምንም ጠብ የለኝም።

የእጅ ሥዕል ለሙዚየም ነው የሚሉም አሉ፤ ይህንንስ ከየት አመጡት? ጃፓን በ1974 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው የባህላዊ ዕደ ጥበብ ሕግ፣ አንድ ሙያ ዕውቅና የሚያገኘው ዕቃው ለዕለት ተዕለት ኑሮ የሚያገለግል፣ ዋናው ሥራውም በእጅ የሚሠራ ከሆነ ነው። ኩታኒ የሚባለው ሌላው የጃፓን ሸክላ በ1975፣ የአሪታው ደግሞ «ኢማሪ-አሪታ» በሚል ስም በ1977 በዚሁ መንገድ ነው የተመዘገቡት። ሕጉ ራሱ ጠጡበት ነው የሚለው፣ በእጅም ሥሩት ነው የሚለው።

ዩኔስኮ በታኅሣሥ 2024 የሳኬን አጠማመቅ የሰው ልጅ ቅርስ ብሎ ሲመዘግብ ብዙ ሰው ደስ ብሎት ነበር፣ እኔም ጭምር። ታዲያ መጠጡን ቅርስ ብለን መጠጫውን ለስቲከር አሳልፈን ልንሰጥ ነው? ሻጩ ዛሬውኑ ገጹን ይክፈትና «በእጅ የተሳለ» የሚለውን ያጥፋ። «የታተመ» ብሎ ይጻፍ፣ ዋጋውንም ያውርድ፣ ለከፈሉትም ልዩነቱን ይመልስ።